የታችኛው ቅርንጫፍ ማንጎ

ኤዲቫኒያ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው የሳይንስ ክፍል የወደቀችው ከባዱ ጥያቄ አቅቷት ቢሆን ኖሮ ማንም ባልገረመው ነበር። ከባዱንማ ሠርታዋለች። የሀብታም ልጆችን ሳይቀር ላብ ያጠመቃቸውን የኤሌክትሪክ ሰርኪት ጥያቄ፣ እሷ እንደ ሹራብ ክር ተርትራ ጨርሳዋለች። የሳተችው የውሃ ማሰሮውን ነው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በሸክላ ማሰሮ የተቀመጠ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ካለው ይልቅ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው? ዝናቡ ሳይመጣ በፊት አስፋልቱ እንደ ሰም በሚለሰልስበት በቴሬዚና ከተማ ከሸክላ ማሰሮ ሳይጠጣ ያደገ የለም። ኤዲቫኒያም ጥያቄውን ስታየው ሳቋ መጣ። «ይሄንማ ልጄ ማይዛም ትመልሰዋለች» ብላ፣ «ሸክላ ሙቀት ስለማያስገባ ነው» የሚለውን አጥቁራ፣ ወደምትወደው ሰርኪት ሮጠች። ማይዛ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ብትጠየቅ ኖሮ ምናልባት እውነትም ከእናቷ ትሻል ነበር። ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እያላበ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ኤዲቫኒያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ማሰሮው ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ። ክትባትን ከሴረም አምታታች። በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥልበትን ቦታ እንኳ፣ በየቤቱ በር ላይ ተለጥፎ የሚነበበውን፣ በጥድፊያ ሳተችው። ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣ ነርስነት ለማጥናት የሚያስፈልጋት ነጥብ ከላይ፣ የእሷ ነጥብ ከታች ተቀምጠው እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ተያዩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በነጻ የሚያስጠናቸው መምህር ዋልዴሚር ወረቀቷን ገልብጦ ገልብጦ አየው። በሥራ ቀን መድኃኒት ቤት የሚሠራ ቀጭን ሰው ነው፤ መጥፎ ዜና ሲናገርም መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው ረጋ ብሎ ነው።

«ኤዲቫኒያ፣ ፈተናውን የሚያርመው ማሽን አላመነሽም» አላት።

«ምኔን ነው የማያምነው? መልሱ ልክ ነው አይደል?»

«ልክ ነው። ግን የዚህ ፈተና አቆጣጠር እንደ ሌላው አይደለም። የማሰሮውን ያልመለሰ ሰው የሰርኪቱን ሲመልስ፣ ማሽኑ ‹ይቺ ዓይኗን ጨፍና ነው ያጠቆረችው፣ ዕድል ነው› ይላል። ነጥቡን አይከለክልሽም፤ ግን ቆንጥሮ ነው የሚሰጥሽ።»

ኤዲቫኒያ ትንሽ አሰበችና «መምህር፣ ይሄን ማሽን አውቀዋለሁ» አለች። «አማቴ ናቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን ለቀልድ አልተናገረችውም።

አማቷን ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት ዶና ፍራንሲኔቴ ይላቸዋል። ኤዲቫኒያና ባሏ ዤኒቫልዶ በእሳቸው ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ በተሠራችው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ምግብ ግን ከአንድ ማጀት ነው የሚበላው። ኤዲቫኒያ ለገና የበግ እግር ጠብሳ እንግዳው ሁሉ ጣቱን ሲልስ ዶና ፍራንሲኔቴ «ምድጃው ጥሩ ምድጃ ነው» አሉ። ለመስኮቱ መጋረጃ ሰፍታ ጎረቤት ሊያየው ሲመጣ «ጨርቁ ራሱ ነው የተሰፋው፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም» አሉ። አንድ ቀን ግን ሩዝ አሳረረች። ያ ሩዝ እስከ ዛሬ አልቀዘቀዘም። ለዶና ፍራንሲኔቴ እውነተኛዋ ምራት ሩዝ ያሳረረችው ናት፤ በግ የጠበሰችው ዕድል የቀናት ሌላ ሴት ናት።

ኤዲቫኒያ የምትሠራው ለሕክምና ከገጠር የሚመጡ ሰዎች በሚያርፉበት ትንሽ ፔንሲዮን ነው። አንሶላ ትቀይራለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ከሆስፒታል የተመለሱትን ትደግፋለች። ነርሶቹ ቁስል ሊያጥቡ ሲመጡ ባልዲ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። «አንድ ቀን ባልዲውን ሌላ ሰው ይይዝልኛል» ትላለች። ስለ ምኞቷ ከዚህ በላይ አታወራም፤ ይቺን ያህል ስታወራ ግን ዓይኗ ባልዲው ላይ አይደለም።

ውጤቱ የወጣ ሰሞን ምሳ ላይ ዶና ፍራንሲኔቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ማንኪያ ሲያስቀምጡ ችሎት ተሰይሟል ማለት ነው።

«እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። አንድ ኅዳር፣ አንድ ፈተና ጨምሬልሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማይዛን እይዝልሻለሁ፣ አንቺም ትምህርትሽን ሂጂ። ከዚያ በኋላ ግን ፈተና የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሣ። ልጅቷ እናት ትፈልጋለች፣ ልጄም ሚስት ይፈልጋል።»

«እኔ እንኳ ምንም አልጎደለብኝም እማዬ» አለ ዤኒቫልዶ። በሞተር ሳይክል ሰው ሲያመላልስ የሚውል፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይወድ ሰው ነው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እውነትሽን ነው» ብሎ ወደ ሩዙ ተመለሰ።

«ለሌላ ዓመትስ ዶና?» አለች ኤዲቫኒያ። «ለጥቂት ብስት?»

«ለጥቂት የሚባል መሳት አላውቅም። ሩዝ ለጥቂት አይቃጠልም።»

እናም አንድ ኅዳር ብቻ ቀረ።

መምህር ዋልዴሚር ምክሩን በማንጎ ነበር የሚሰጠው። «እጃችሁ የሚደርስበትን ሳትለቅሙ ዛፍ ላይ አትውጡ። መጀመሪያ የታችኛውን ቅርንጫፍ። ቅርጫቱ ሲሞላ፣ ጊዜ ከተረፋችሁ፣ ያኔ እንደ ዝንጀሮ ተንጠላጠሉ።» ኤዲቫኒያ ይህን ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በልቧ ግን ከታች ቅርንጫፍ ማንጎ መልቀም ያሳፍራት ነበር። እሱንማ ማንም ይለቅመዋል። ሰርኪት ስትፈታ ግን የሆነች ሰው ትሆናለች፤ በአዳራሹ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል። ስለ ምስጥና ስለ ፍግ ጥያቄ መልሶ ማን የተደነቀ አለ?

አንድ ቅዳሜ መምህሩ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«ከወረቀቱ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል መምህር።»

«ሰርኪት ነው አይደል?»

«አንድ ብቻ ናት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ትንሽ ናት።»

መምህሩ ወረቀቷን ከሱሰኛ እጅ እንደሚነጠቅ ሲጋራ ወሰደባት። «ስሚኝ፣ አንቺ ለብቻሽ አትድኚም። ቀላል ቀላሉን ጥያቄ እያነሣ የሚያፋጥጥሽ፣ ስትስቺ የማያዝንልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ቤትሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል?»

አዳራሹ ገና ካሁኑ ይስቅ ጀመር።

ዶና ፍራንሲኔቴ ስለ ሳይንስ አንዳች አያውቁም ነበር፤ አለማወቅ ግን ከመፍረድ አግዷቸው አያውቅም። ኤዲቫኒያ ጥያቄዎቹንና የመልሱን ወረቀት ይዛ ስትለምናቸው መጀመሪያ «እኔ ሥራ የለኝም እንዴ?» አሉ። መልሱ እሳቸው እጅ እንደሚሆን፣ ምራታቸው ደግሞ ሳታይ እንደምትጠየቅ ሲገባቸው ግን መነጽራቸውን ፍለጋ ተነሡ። ነጯን የፕላስቲክ ወንበራቸውን ማንጎው ጥላ ሥር ዘርግተው ተቀመጡ። ኤዲቫኒያ ልብስ ታሰጣለች፣ እሳቸው ይጠይቃሉ።

«አንድ ገበሬ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ማሳው ውስጥ እባብ ነደፈው። ጤና ጣቢያ አደረሱት። ምን ይሰጡታል?»

«ክትባት» አለች ኤዲቫኒያ፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች።

ዶና ፍራንሲኔቴ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ሞተ።»

«ማን?»

«ገበሬው ነዋ። ገደልሽው። ነርስ ልትሆኚ ነው አሉ!»

«ሴረም! ሴረም ለማለት ነው ዶና! ክትባት ሰውነት ራሱ መከላከያ እንዲሠራ የሚያስተምር ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሴረም ግን ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ወዲያው...»

«አሁን ምን ይሠራለታል? ቀብረነዋል።» ወረቀቱን ገለጡ። «የሚስቱ ልቅሶ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ግቢው የቀብር ቦታ ሆነ። በተሳተ ቁጥር አንድ ሰው ይሞታል። የወንዝ ዓሣ ይሞታል፣ የተመረዘ ላም ይሞታል፤ የትንኟን ጥያቄ ስትስት ሰፈሩ ሙሉ በደንጊ ትኩሳት አለቀ። ማይዛም ከአያቷ እግር ሥር አሸዋ እየቆፈረች «አሁንም ሞተ?» እያለች ትጠይቃለች። ኤዲቫኒያ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ አፈረች፣ በመጨረሻ ሰው ላለመግደል ስትል ቀላሉን ጥያቄ እንደ ከባዱ ማንበብ ጀመረች። ፔንሲዮኑ ውስጥ አንሶላ ስታነጥፍ እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ በሽተኛ ጸሎት መስሎት «ለእኔም ጨምሪልኝ» አላት።

የመስከረሙ ጠብ የመጣው በቦሎቄ ነው።

ጥያቄው ስለዚያ ክዳኑ ተቆልፎ በእንፋሎት ስለሚያበስለውና ስለሚያፏጨው ድስት ነበር፦ ድስቱ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ እሳቱ ቢቀነስ ቦሎቄው የሚበስልበት ጊዜ ምን ይሆናል? ዶና ፍራንሲኔቴ ይህን ምራታቸው እስክትመልሰው አልጠበቁም።

«ይረዝማላ! ይሄ ምን ጥያቄ ነው!» አሉና የመልሱን ወረቀት አዩ። መልሰው አዩት። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወልውለው አዩት። «የማተሚያ ስሕተት ነው» አሉ።

«ለውጥ የለውም ነው አይደል የሚለው?» አለች ኤዲቫኒያ፣ ፈገግታዋን ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ደብቃ። «ድስቱ ካፏጨ ወዲያ ውስጡ ያለው ሙቀት ከዚያ በላይ አይወጣም ዶና። ትርፉ እሳት እንፋሎቱን ያባርራል እንጂ ቦሎቄውን አይነካውም።»

«እኔ ልጆቼን በሙሉ በትልቅ እሳት ነው ያሳደግኩት!»

«ልጆቹንስ ይሁን፤ ቦሎቄውን ነው የምልዎ።»

«ስለዚህ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጋዝ ሳቃጥል ነው የኖርኩት ማለትሽ ነው?»

እንዲያ ማለቷ ነበር፤ ግን በአንድ ግቢ የምትኖር ብልህ ሴት እንዲያ አትልም። «ወረቀቱ ነው የሚለው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለች።

እሑድ ከጎረቤት ሌላ ድስት ተዋሱና ፍርዱ በምድጃው ላይ ሆነ። አንዱ ድስት ካፏጨ በኋላ በዶና ፍራንሲኔቴ ነበልባል፣ ሌላው በኤዲቫኒያ ረመጥ በምትመስል እሳት። ሁለቱም እኩል ወረዱ። ዤኒቫልዶ ዳኛ ተደርጎ ሁለት ሳህን ቀረበለት። ከዚህኛውም ከዚያኛውም ጎረሰ፣ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ላቡን ጠረገ።

«ልዩነት የላቸውም» አለ።

ፈርቶ የተናገረው ነው፤ ግን ከአፉ ከወጣው ሁሉ ለሳይንስ የቀረበው ይሄ ነበር።

ዶና ፍራንሲኔቴ የምራታቸውን ቦሎቄ በሁለት ጣታቸው ጨፈለቁት። ደህና አድርጎ በስሏል። «አዲስ ምርት ስለሆነ ነው» አሉ። «ዕድል ነው።» በማግስቱም ድስቱ ሲያፏጭ እሳቱን እንደወትሮው እስከ ጥግ ከፍተው፣ ኤዲቫኒያን በጎን እያዩ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ኤዲቫኒያም ጥያቄውን በልቧ መዝግባ አንገቷን ደፋች፤ የምትፈልገው ማሽኑን ማሳመን ነው እንጂ አማቷን አይደለም።

ኅዳር ደረሰ። ፈተናው በሁለት እሑድ ነው የሚሰጠው፤ በመጀመሪያው ጽሑፍና ታሪክ፣ በሁለተኛው ሳይንስና ሒሳብ። የመጀመሪያው በሰላም አለፈ። ሁለተኛው እሑድ ላይ ኤዲቫኒያ በዤኒቫልዶ ሞተር ጀርባ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምን ስታስብ መጣች? ሰርኪት።

የትምህርት ቤቱ በር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ለንጉሥ ልጅም አይከፈትም። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያ በር ፊት ድግስ አለ። ሰው ወንበሩን ይዞ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ካዡይና የሚባለውን የፍሬ ጭማቂ ይዞ፣ ከዛፉ ሥር ይሰለፋል፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው የሚሮጡትን ሊያይ፣ ለሚደርሱት ሊያጨበጭብ፣ ለማይደርሱት ሊያፏጭ። ዶና ፍራንሲኔቴ ከዚህ ድግስ ቀርተው አያውቁም። ነጯ ወንበራቸው እዚያ የራሷ ቦታ አላት። ለምራታቸው ፈተና መጡ እንዳይባል ደግሞ ገና በጠዋት «እኔ ለራሴ ነው የምሄደው» ብለው አስታውቀዋል።

ኤዲቫኒያ ከሞተሩ ስትወርድ ከወንበራቸው ሳይነሡ በጣታቸው ጠሯት።

«መታወቂያ?»

«ይኸው።»

«የውሃ ጠርሙስሽ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ? አያስገቡሽም።»

«ልጬዋለሁ ዶና።»

«እስክሪብቶ?»

ኤዲቫኒያ ከቦርሳዋ አወጣች። ነጭ እስክሪብቶ ነው፤ የፔንሲዮኑ ስም ታትሞበታል፤ ውስጡ አይታይም። ጥቁር ቀለም፣ ሰውነቱ ብርጭቆ የመሰለ ካልሆነ እንደማይገባ ከመንገድ ላይ ቆሎ ሻጭ ጀምሮ የማያውቅ የለም። ኤዲቫኒያም ታውቃለች። ዓመቱን ሙሉ ታውቃለች። እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ እያየች ፊቷ አመድ ሆነ።

«ማሰሮው!» አሉ ዶና ፍራንሲኔቴ። «ይኸውልሽ፣ ማሰሮው መጣ!»

«ዶና፣ ዤኒቫልዶ ሮጦ...»

«ማንም አይሮጥም። የሮጡትን ስንቱን ነው ከዚህች ወንበር ያየሁት?» ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከውስጡ በላስቲክ የታሰሩ እስክሪብቶዎች ወጡ፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ብርጭቆ የመሰሉ። «ሰው እዚህ በር ላይ በምን በምን እንደሚያለቅስ እኔ ነኝ የማውቀው። ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ የምስቅ መሰለሽ? ያዢ። ሁለት ያዢ፣ አንዱ እምቢ ካለሽ።»

ኤዲቫኒያ ሁለቱንም ተቀበለች። ጉንጫቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል «ግቢ፣ ግቢ! እዚህ ቆመሽ የሚሮጡትን ትከልዪብኛለሽ!» ብለው ገፏት።

ውስጥ፣ ወረቀቱ ሲከፈት፣ ማሰሮው አልመጣም። እባቡም አልመጣም። ቦሎቄውማ ጭራሽ የለም። ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰችላቸው አንዳቸውም አልመጡም። ሰርኪቱ ግን መጥቷል፤ በገጹ መካከል አምሮ፣ ተውቦ፣ እንደ ድሮ ወዳጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ኤዲቫኒያ አየችው። ልቧ እየተጎተተ «ቆየኝ፣ እመለሳለሁ» ብላ አለፈችው።

ከዚያ ከታችኛው ቅርንጫፍ መልቀም ጀመረች። አንዱን ለቀመች፣ ሌላውን ለቀመች፤ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያነበበች። ከነዚያ አንዱ ስለ ቬንትሌተር ነበር፦ በዝግ ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር ሲከፈት ሰው የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው? ኤዲቫኒያ ሳቋ መጣ። ቴሬዚና ውስጥ ቬንትሌተር ሳይከፍት የሚተኛ ማን አለ? አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ነዋ! ይሄንማ ማይዛም... እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል፣ ከማንጎው ሥር የመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማች።

«ሞተ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። እንደገና አነበበችው። በዝግ ክፍል። አየሩ ያው አየር ነው፤ ቬንትሌተሩ ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ ከየት አምጥቶ ያቀዘቅዘዋል? ታዲያ ሰው ለምን ይቀዘቅዘዋል? ላቧ በጀርባዋ ይወርድ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቬንትሌተር ዞሮ ሲመጣ ጀርባዋን በረድ አላት፣ ሲያልፍ ተወት አደረጋት። ላብ። ላቡን ቶሎ ስለሚያተነው! እሷ ራሷ ማሰሮዋ ናት። ምርጫዎቹ ውስጥ ፈለገችው፣ ከመጨረሻው በፊት አገኘችው፣ አጠቆረችው። ትንፋሿን ስትለቅ ፈታኟ ቀና ብላ አየቻት።

ሒሳቡ ሰዓቱን በላው። ወደ ሰርኪቱ ስትመለስ ወረቀት ሊሰበሰብ ነበር። የዓለም ሰርኪት ሁሉ ቢመጣ የምትፈታው ኤዲቫኒያ፣ ሥዕሉን ጀምራ ሳትጨርሰው፣ ዓይኗን ጨፍና አንዱን አጠቆረች።

ስትወጣ ፀሐይዋ ወደ ፓርናይባ ወንዝ ማዶ ዝቅ ብላለች። በሩ ፊት ድግሱ ካለቀ ቆይቷል፤ የካዡይና ጠርሙስና የፈንድሻ ገለባ ብቻ ቀርቷል። ከዛፉ ሥር ግን አንዲት ነጭ ወንበር አለች፤ ዶና ፍራንሲኔቴም አሉባት።

«እስካሁን አልሄዱም?»

«ወንበሩ ከበደኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያው «ማሰሮው መጣ?»

«አልመጣም።»

«እባቡስ?»

«እሱም። ቬንትሌተር ነው የመጣው፤ ለምን ያቀዘቅዛል የሚል።»

«አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ነዋ!»

ኤዲቫኒያ ወንበሯን አንሥታ አጠፈችና ብብቷ ሥር ያዘቻት። «አዎ ዶና» አለች። ለአንድ ቀን የሚበቃትን ያህል ተፈትናለች።

ጥር ላይ ውጤቱ ሲወጣ መምህር ዋልዴሚር ወረቀቱን አየና ሳቀ። ሰርኪቱን ስታዋለች። ከታችኛው ቅርንጫፍ ግን አንዲትም አልቀረች፤ የሳይንስ ነጥቧ ካለፈው ዓመት ዘሎ ወጥቷል።

«አየሽ?» አላት። «የምታውቂውን ሰርኪት መልሰሽ ስትመጪ ማሽኑ ዕድል ነው አለ። የምታውቂውን ስተሽ ስትመጪ፣ ይቺማ ታውቃለች አለ።»

በመጀመሪያው ጥሪ ስሟ አልነበረም፤ በተጠባባቂነት ቆይታ በሁለተኛው ተጠራች። ነርስነት፣ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ። ዤኒቫልዶ ሰፈሩን በሞተሩ ጡሩምባ አደነቆረው። ዶና ፍራንሲኔቴ በር ላይ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች «አብረን ነው ያጠናነው፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ» ሲሉ ተሰሙ። ማጀት ሲገቡና ከምራታቸው ጋር ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩና «ያው ዕድል ነው» አሉ። «ትምህርቱ ሲጀመር ማይዛን ማን እንደሚይዛት አስበሻል?»

«አላሰብኩም ዶና» አለች ኤዲቫኒያ።

«ቀላሉን እኮ ነው ሁልጊዜ የምትረሺው። እኔ ነኛ!»

ድስቱ ማፏጨት ጀመረ። ዶና ፍራንሲኔቴ ሽንኩርቱን ሳያቋርጡ፣ ፊታቸውንም ሳያዞሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው እሳቱን ወደ ታች አደረጉት፤ ረመጥ እስኪመስል። ቀና ሲሉ ኤዲቫኒያ እያየቻቸው ነው።

«ምን ታፈጪያለሽ? ጋዙ ሊያልቅ ነው።»

ጋዙን ትናንት የቀየረው ዤኒቫልዶ ነበር፤ በሩን የያዘችለትም ኤዲቫኒያ ራሷ ነበረች።

«እውነትዎን ነው» አለችና ሳህን ልታቀርብ ሄደች።